ከኢዮናዳብ የተማርኩት፦ ለልጅ ልጅ የሚደርስ ቃል እንዴት ይተዋል

እኛ አገር ሰባት ቤት ይቆጠራል። አባቴ እንትና፣ የሱ አባት እንትና፣ የሱ ደሞ እንትና እየተባለ፣ በተለይ ጋብቻ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ያጣሩታል። እኔም ልጅ ሆኜ ተቆጥሮልኝ በቃሌ ይዤዋለሁ። አንድ ማታ ለልጄ ስቆጥርላት ግን "አራተኛው ሰውዬ ምን አይነት ሰው ነበር?" አለችኝ፣ የምመልሰው አጣሁ። ስሙን አውቃለሁ፣ በቃ። ምን ብሎ ልጆቹን እንዳሳደገ፣ ምን እንደከለከላቸው፣ ሲሞት ምን አደራ እንዳለ አንድም ነገር የለኝም። ስም ብቻ ነው የደረሰን፣ ቃሉ መንገድ ላይ ቀርቷል።

የዛን ሰሞን ነው ኤርምያስ 35ን ሳነብ የሬካብ ልጅ ኢዮናዳብ ላይ የቆምኩት። ከዛ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሞከርነውን፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም፣ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ታሪኩን ራሳችሁ አንብቡት፣ ከሰው አትስሙት። ሁለት ቦታ ነው ያለው፣ 2ኛ ነገሥት 10 እና ኤርምያስ 35። ስታነቡ ከሌላ ኢዮናዳብ ጋር እንዳይምታታባችሁ፣ 2ኛ ሳሙኤል 13 ላይ ለዳዊት ልጅ ለአምኖን ክፉ ምክር የመከረው የዳዊት የወንድም ልጅም ስሙ ኢዮናዳብ ነው፣ ሰውየው ግን ሌላ ነው። የኛው የሬካብ ቤት ነው፣ 1ኛ ዜና 2፥55 ደሞ የሬካብን ቤት ከቄናውያን ይቆጥረዋል። ቄናውያን የሙሴ አማት ወገኖች ናቸው፣ የእስራኤልን ጠላት የጦር አለቃውን ሲሣራን በድንኳኗ ውስጥ የገደለችው ኢያኤልም የቄናዊው የሔቤር ሚስት ነበረች። ከእስራኤል ጋር አብረው የሚኖሩ፣ ግን በመጤነት የገቡ ሰዎች ማለት ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ኢዮናዳብ ራሱ በአካል የሚታየው አንዴ ብቻ ነው። የእስራኤል ንጉሥ ኢዩ፣ በኣል የሚባለውን ጣዖት ያመለከውን የቀድሞውን ንጉሥ የአክዓብን ቤት እያጠፋ በሰረገላ ወደ ሰማርያ ሲሄድ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 841 አካባቢ ማለት ነው፣ መንገድ ላይ ያገኘዋል። ልብህ ከልቤ ጋር ነው ወይ ይለዋል፣ ነው ይለዋል፣ እጅህን ስጠኝ ብሎ ወደ ሰረገላው ያወጣውና ለእግዚአብሔር ያለኝን ቅንዓት ና እይ ይለዋል። ከዛ የበኣል ቤት ሲፈርስ ኢዮናዳብ አብሮ አለ። ከዛ በኋላ ስለሱ ምንም አይወራም፣ አንድ ሁለት መቶ ዓመት ዝም ነው።

እንደገና ስሙን የምናገኘው በይሁዳ ንጉሥ በኢዮአቄም ዘመን ነው። ኢዮአቄም የነገሠው ከ609 እስከ 598 ቅድመ ልደት ነው፣ ስለዚህ መሀል ላይ ወደ 240 ዓመት ገደማ አልፏል። እስቲ በኛ አስቡት፣ ከዛሬ 240 ዓመት ወደ ኋላ ብንቆጥር ዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነን፣ ንጉሡ ጎንደር ስም ብቻ ይዞ ራሶቹ የሚገዙበት ጊዜ። ያኔ የነበረ አያታችሁ የተናገረውን አንድ ቃል ዛሬ የምትጠብቁ ካላችሁ እጃችሁን አንሱ ቢባል እኔ አላነሳም።

የኢዮናዳብ ዘሮች፣ ሬካባውያኑ ግን ያነሳሉ። ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ቤተ መቅደስ ይጠራቸዋል፣ አንድ ጓዳ ያስገባቸዋል፣ ወይን ጠጅ የሞላ ማድጋና ጽዋ ፊታቸው ያስቀምጥና ጠጡ ይላቸዋል። እነሱም አንጠጣም ይላሉ፣ አባታችን ኢዮናዳብ እናንተም ልጆቻችሁም ለዘላለም ወይን አትጠጡ፣ ቤት አትሥሩ፣ ዘር አትዝሩ፣ ወይን አትትከሉ፣ ዕድሜያችሁን ሙሉ በድንኳን ኑሩ ብሎናል። "አባታችን" ነው የሚሉት ልብ በሉ፣ ሰውየውን አንዳቸውም አይተውት አያውቁም።

እሺ፣ እንዴት ነው ይሄ የሚሆነው?

እኔ የጀመርኩት በስልክ ነው። የቀሩን ትልልቅ ሰዎች ማለቴ ነው፣ እትዬ፣ አጎቴ፣ የአባቴ የአክስት ልጅ፣ እነሱ ጋ ደወልኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልምከራችሁ፣ "የቤተሰባችን እሴት ምንድነው" ብላችሁ አትጠይቁ፣ እንደዛ ሲባል ሰው የሚመልሰው ስብከት ነው። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ አባታችሁ በጣም የሚቆጡት ምን ስታደርጉ ነበር? ቤት ውስጥ ምን አይባልም ነበር? ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ምን ታደርጉ ነበር? እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይደረጋል? ገንዘብ ሲገኝስ? ቮይስ ሪከርድ ክፈቱ፣ አስፈቅዳችሁ ነው ታዲያ፣ አታቋርጡ። ሩቅ ያሉት በቴሌግራም ወይ በዋትስአፕ ቮይስ ይላኩላችሁ፣ ሽማግሌ ሰው ጽፎ ከሚልክ ቢያወራ ይቀለዋል። እኔ ከ5 ሰው የሰበሰብኩት ውስጥ አራቱ ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ነገሩኝ፣ አያታችን በር ላይ ለመጣ ሰው ምን ፈልገህ ነው ከማለቷ በፊት የሚበላ ወይ የሚጠጣ ታቀርብ ነበር፣ መጀመሪያ እህል ውሃ፣ ከዛ ጥያቄ። እኔ እንደ ጸባይዋ ነበር የማየው፣ ለካ እሷም ከአባቷ ነው ያገኘችው። ያቺን ቅጂ እስካሁን ደጋግሜ እሰማታለሁ።

ቀጥሎ መምረጥ ነው፣ እኔ የተሳሳትኩትም እዚህ ላይ ነው። በወኔ ተነስቼ አስራ አንድ ህግ ጽፌ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩ። ሦስት ሳምንት አልቆየም፣ ልጆቹ ሰልችቷቸው እኔም ራሴ ሰባተኛው ምን እንደነበር ረስቼው ወረቀቱን አወረድኩት። ተመልሼ ኢዮናዳብን ሳየው የሱ አምስት ብቻ ነው፣ አምስቱም ደሞ በዓይን የሚታይ ነገር። ወይን ጠጥተሃል ወይስ አልጠጣህም? ድንኳን ውስጥ ነህ ወይስ ቤት ሠርተሃል? የሚያከራክር ነገር የለውም። "ጥሩ ሰው ሁኑ"፣ "እግዚአብሔርን ውደዱ" ብሎ ብቻ ቢተዋቸው ኖሮ ቃሉ ከልጅ ወደ ልጅ ሲሄድ እያንዳንዱ በራሱ ልክ እየተረጎመው ሦስተኛው ትውልድ ላይ ይጠፋ ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ የምትመርጡትን ነገር እንዲህ ፈትኑት፦ የሰባት ዓመት ልጅ ማታ ላይ "ዛሬ አድርገነዋል፣ አላደረግነውም" ብሎ መናገር ይችላል? ካልቻለ እንደገና አቅልሉት። አሁን እኛ ቤት ሦስት ናቸው፣ የመጣን ሰው ከመጠየቅ በፊት እህል ውሃ ማቅረብ፣ ከመተኛት በፊት ሁላችንም ቆመን አባታችን ሆይ ማለት፣ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ እሁድን አለማለፍ። ሦስተኛዋ ከባዷ ናት።

ምክንያቱንም ንገሯቸው። "እኔ ስላልኩ" ብሎ ነገር እኔ እስካለሁ ነው የሚሠራው፣ እኔ ስሞት አብሮኝ ይቀበራል። ኢዮናዳብ ልጆቹን ሲያዛቸው ለምን እንደሆነ አብሮ ተናግሯል፣ በእንግድነት በተቀመጣችሁባት ምድር ብዙ ዘመን እንድትኖሩ ብሎ ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት መጤነታቸው እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። መሬት የሌለው እንግዳ ሕዝብ፣ እርሻና ወይን ቦታ አፍርቶ ከተደላደለ ዙሪያው ያለውን በኣል እያመለከ እንደሚቀልጥ አይቷል፣ የአክዓብን ዘመን በዓይኑ አይቶ ነው የተናገረው። ዋሽንግተን ወይ ፍራንክፈርት ወይ ዱባይ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይሄ ቃል ሳይነግሩት ይገባዋል። ለልጃችሁ አማርኛ የምታስተምሩት ለምንድነው? ረቡዕና አርብ የምትጾሙት ለምንድነው? መልሱን አንድ አረፍተ ነገር አድርጋችሁ መናገር ካቃታችሁ ችግሩ ልጁ ጋ አይደለም ያለው፣ መጀመሪያ እናንተ ቁጭ ብላችሁ አስቡበት።

ከዛ ቤቱ በሙሉ ይግባበት። ሬካባውያኑ ሲመልሱ እኛ፣ ሚስቶቻችን፣ ወንዶች ልጆቻችን፣ ሴቶች ልጆቻችን ብለው ቆጥረው ነው የሚናገሩት፣ ቁጥር 8 ላይ አለ። አንዱ ጠባቂ ሌላው ተመልካች የለም። እኛ ዘንድ ግን ስንት ቤት ነው እናት ብቻ የምትጸልይበት፣ ልጆች ብቻ ስልክ የሚከለከሉበት፣ አባት ሶፋ ላይ ስክሪኑን ይዞ "ተነሱ ጸልዩ" የሚልበት። ልጅ የሚያየውን ነው የሚወርሰው። እኔና ባለቤቴ ከልጆቹ በፊት ለሁለት ወር ብቻችንን ሞከርነው፣ ምንም ሳንነግራቸው፣ ከዛ ትንሹ ራሱ መጥቶ መሀላችን ቆመ።

ለፈተናው አስቀድማችሁ አዘጋጇቸው። ይሄን ክፍል ሳነብ የሚገርመኝ ጠጡ ያላቸው ማን እንደሆነ ነው፣ ሰካራም ጓደኛ አይደለም፣ ነቢዩ ኤርምያስ ነው፣ ቦታው ደሞ የእግዚአብሔር ቤት፣ መኳንንቱ ከሚቀመጡበት ጓዳ አጠገብ። እምቢ ለማለት ከዚህ የሚከብድ ቦታ የለም። የልጆቻችን ፈተናም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚህ ከሚወዱት ሰው ነው የሚመጣው፣ ከመምህራቸው፣ ከጓደኛቸው እናት፣ አንዳንዴም "ለዛሬ ብቻ ተዋቸው" ከምትል የገዛ አክስታቸው። ሬካባውያኑ ምን አደረጉ? ኤርምያስን አልተሳደቡም፣ አልሰበኩትም፣ ጽዋውን አልደፉም። አንጠጣም አሉ፣ ምክንያቱን ተናገሩ፣ አለቀ። እኛ ይሄን ከልጆቹ ጋር እራት ላይ እንለማመዳለን፣ እኔ የክፍል ጓደኛ እሆንና የልደት ኬክ በጾም ቀን አቀርባለሁ፣ ልጄ "አመሰግናለሁ፣ ዛሬ እንጾማለን፣ ቤታችን እንደዚህ ነው" ትላለች። "ቤታችን እንደዚህ ነው" የምትለዋ ቃል ልጁን ብቻውን አታስቆመውም፣ ከኋላው ሰው አለ።

አሁን ደሞ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ቁጥር 11 አለ። ሬካባውያን በድንኳን መኖር ነበረባቸው፣ ግን ኤርምያስ ያገኛቸው ኢየሩሳሌም ከተማ ውስጥ ነው። ለምን? ራሳቸው ያስረዳሉ፣ የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር በመጣ ጊዜ ከከለዳውያንና ከሶርያውያን ጭፍራ ሸሽተን ገባን ይላሉ። ጦርነት መጣ፣ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ መኖር አልተቻለም፣ ስለዚህ ወደ ከተማ ሸሹ፣ ወይኑን ግን አልጀመሩም። አንዱ ከተሰበረ ሁሉም ይሰበር አላሉም፣ የሆነውንም አልደበቁም። ይሄ ለስደተኛ ቤተሰብ ትልቅ ትምህርት ነው። የሌሊት ሺፍት የሚሠራ አባት እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን መድረስ ላይችል ይችላል፣ ገልፍ ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ቀኗን ራሷ አትወስንም። እንደዛ ሲሆን ነገሩ ጭራሽ ቀረ አይባልም፣ ቁጭ ብላችሁ "ይሄ ድንኳኑ ነው፣ ይሄ ወይኑ ነው" ብላችሁ ለዩት፣ ድንኳኑ ለምን እንደተነሳ ለልጆቹ በግልጽ ንገሯቸው፣ ሁኔታው ሲቀየር መልሳችሁ ትከሉት። እኛ የማታ ጸሎታችንን ለአንድ ዓመት ያህል በስልክ ነው ያደረስነው፣ ባለቤቴ ከሥራ ቦታ በእረፍት ሰዓቱ እየደወለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ አጥብቄ ነው የምናገረው። የቤታችሁን ሥርዓት የእግዚአብሔር ትእዛዝ አታድርጉት። ወይን አትጠጡ፣ ቤት አትሥሩ የሚል ህግ ለእስራኤል ሁሉ አልተሰጠም፣ እንዲያውም ያው ኤርምያስ ምዕራፍ 29 ላይ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ቤት ሥሩ ተቀመጡ፣ አትክልት ትከሉ ብሎ ጽፎላቸዋል። ኤርምያስ 35 ላይ የተመሰገነው መታዘዛቸው ነው። የእግዚአብሔር ቅሬታም እንዲህ ነው፣ እነዚህ የሞተ አባታቸውን ቃል ጠበቁ፣ እኔ ግን ማልጄ እየተነሳሁ ስናገር እናንተ አልሰማችሁኝም። ስለዚህ የቤታችሁን ሦስት ነገር ይዛችሁ የጎረቤት ልጅ ላይ አትፍረዱ፣ ልጃችሁም ሲሳሳት "ቤታችንን አፈረስክ" እንጂ "እግዚአብሔርን ካድክ" አይባልም፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በዚህ የተጎዳ ሰው አውቃለሁ፣ የቤቱን ደንብና እግዚአብሔርን አንድ አድርገው ስላሳደጉት ደንቡን ሲተው ሁለቱንም ተወ።

ልጆቻችሁ አድገው ትተውት ከሄዱስ? ይሄን የሚያነብ እንደዛ ያለበት ወላጅ እንደሚኖር ስለማውቅ ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ኤርምያስ 36ን አንብቡ፣ የሚቀጥለው ምዕራፍ ነው። ንጉሥ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ እሳት ፊት ተቀምጦ የኤርምያስ መጽሐፍ ሲነበብለት ሦስት አራት ዓምድ በተነበበ ቁጥር በካራ እየቆረጠ እሳት ውስጥ ይጥለዋል፣ ልብሱንም አልቀደደም ይላል። የዚህ ሰው አባት ማን ነው? ኢዮስያስ። የሕጉ መጽሐፍ ሲነበብለት ልብሱን የቀደደው ኢዮስያስ። አባትየው በሰማው ቃል ልብሱን ቀደደ፣ ልጅየው ቃሉን ራሱን ቀደደ። ኢዮስያስ ደህና ንጉሥ ነበር፣ የልጁ ነገር በሱ ላይ አይጻፍበትም። ስለዚህ እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ አድርጋችሁም ላይሆን ይችላል። የተቃጠለው መጽሐፍ ግን እዛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ የኤርምያስ ጸሐፊ ባሮክ እንደገና ጽፎታል፣ ብዙ ቃልም ተጨምሮበታል። ያደገ ልጅ ጋ መሟገቱን ተዉትና እናንተ ቤታችሁ ውስጥ ማድረጋችሁን ቀጥሉ፣ ለበዓል ሲመጣ ያው ነገር በቦታው ይጠብቀው።

ከአባቱ ምንም ያልወረሰ፣ ወይም የወረሰው ክፉ ነገር ብቻ የሆነ ሰውም አለ። እሱ ራሱ ኢዮናዳብ መሆን ይችላል። ኢዮናዳብ ከአባቱ ከሬካብ ምን እንደተቀበለ አልተጻፈም፣ ቃሉ ከሱ ነው የሚጀምረው።

ኢዩን ደሞ አስቡት። ያ በሰረገላ ላይ ሆኖ ቅንዓቴን እይ ያለው ንጉሥ የበኣልን ቤት አፍርሶ ሕዝቡ የሚያመልካቸውን የወርቅ ጥጆች ግን እንዳሉ ተዋቸው። እግዚአብሔር ልጆችህ እስከ አራተኛ ትውልድ ይነግሣሉ አለው፣ እንደተባለውም ኢዮአካዝ፣ ዮአስ፣ ኢዮርብዓም፣ ከዛ አራተኛው ዘካርያስ ስድስት ወር ነግሦ ተገደለ፣ በዛው አለቀ። አጠገቡ ሰረገላው ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንኳን ኗሪ ግን በፊቴ የሚቆም ሰው ለዘላለም አይታጣበትም ተባለለት። ኦርቶዶክስ የሆናችሁ ብፁዓን ይኖሩበታል ስለሚባለው አገር፣ ስለ ብሔረ ብፁዓን ሲነገር የሬካብ ልጆች ስም አብሮ ሲነሳ ሰምታችሁ ይሆናል፣ ስማቸው እኛ ጋ ድረስ መጥቷል ማለት ነው።

ለልጆች ስትተርኩት በአራት ማታ ከፋፍሉት፣ በአንድ ጊዜ አይቻልም። የመጀመሪያው ማታ ሰረገላው፣ ልጆች ይወዱታል። ሁለተኛው ማድጋውና ጽዋው፣ እዚህ ላይ በእውነት ብርጭቆ አቅርቡና እነሱ እምቢ ይበሉ። ሦስተኛው ማታ የንጉሡ እሳት፣ የአባቱንም ታሪክ ጨምሩበት። አራተኛው ማታ ነህምያ 3፥14ን አንብቡላቸው፣ አንድ ቁጥር ብቻ ናት። ኢየሩሳሌም ፈርሳ፣ ሕዝቡ ተማርኮ ተመልሶ፣ በ445 ቅድመ ልደት አካባቢ ቅጥሩ ሲሠራ እያንዳንዱ ቤተሰብ ድርሻ ይዟል፣ ከበሮቹ ሁሉ ማንም የማይመኘውን የጉድፍ መጣያውን በር የሚሠራው ሰው ስሙ መልክያ ነው፣ የሬካብ ልጅ ይለዋል። መዝጊያውን፣ ቁልፉን፣ መወርወሪያውን አቆመ ይላል። እኔ ሳነብላቸው ልጄ "ሬካብ ያ ሬካብ ነው?" ብላ ተነስታ ተቀመጠች፣ እኔም መጽሐፉን ሰጥቻት ራሷ ደግማ አነበበችው።